አሎሎ ስፖርት ከሆነ ቦውሊንግስ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምጽፍልዎ ከጎንደር ማራኪ ነው። ባለፈው ክረምት አዲስ አበባ አክስቴ ጋ ሄጄ ነበር። የአክስቴ ልጅ ቦውሊንግ ወሰደኝ፤ ከባድ ኳስ አንከባለው ከመንገዱ ጫፍ የቆሙትን ጠርሙስ መሳይ ፒኖች የሚጥሉበት ጨዋታ ነው። ከዚያ ወዲህ ሱስ ሆኖብኝ ውድድሩን በስልኬ አያለሁ። አባቴ አንድ ቀን አብሮኝ አየና ሳቀ። «ይሄ ከረንቡላ ነው እንጂ ስፖርት ነው? ሰውየውን እኮ ላብ እንኳ አላላበውም። ሆዱንስ እየው!» አለኝ። ተከራክረን ተከራክረን በመጨረሻ ተወራረድን፤ ለፋሲካ አንድ ኪሎ ጥብስ። ዳኛው እርስዎ እንዲሆኑ ያለው እሱ ራሱ ነው። ድሮ ተማሪዎ ነበር። ቦውሊንግ እውነተኛ ስፖርት ነው ወይ?

መልስ፦ ልጄ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ልናዘዝ። አባትህ የተናገረው የኔን ቃል ነው።

እዚሁ ጎንደር 31 ዓመት ስፖርት አስተምሬአለሁ። ስሙን ስላልጻፍክልኝ አባትህን ለይቼ አላስታወስኩትም። በኔ እጅ ካለፈ ግን «ካላላባችሁ አልሠራችሁም» የምትለዋን ሳይሰማ አልቀረም። ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ ሲል ተማሪዎቹን አሰልፌ ግንባራቸውን አይ ነበር። ግንባሩ የደረቀ ልጅ ሜዳውን ሁለቴ ይዞራል። ብልጦቹ ቧንቧ ጋ ሮጠው ፊታቸውን አርሰው ይመጡ ነበር። አባትህ ከነሱ አንዱ ከነበረ አሁን ይናገር፤ ይርጋው አልፏል።

እንግዲህ ፍርዱ እኔንም ይነካል ማለት ነው።

ሐሳቤን ያስቀየረኝ መቀመጫዬ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ለዓይኔ ሕክምና አዲስ አበባ ልጄ ቤት ሰነበትኩ። የልጅ ልጄ 9 ዓመት ሞላትና «ልደቴን ቦውሊንግ ቤት ነው የማከብረው» አለች። ተከትዬ ሄድኩ። በር ላይ ጫማዬን ተቀብለው ሌላ ሰጡኝ፤ ግማሹ ቀይ፣ ግማሹ ሰማያዊ። ሶሉ ልስልስ ያለ ነው፤ ሲረግጡት ያንሸራትታል። ከዚያ ኳሶቹ ወዳሉበት ሄድኩ። በየኳሱ ላይ ቁጥር አለ፤ 8፣ 10፣ 12፣ 16። ትልቁን አነሳሁ። አስተናጋጁ ልጅ «አባባ፣ ቀለል ያለውን ይውሰዱ» አለኝ።

16 ማለት 16 ፓውንድ ነው። 7.26 ኪሎ። ይቺ ከእንቅልፌ ቀስቅሰው ቢጠይቁኝ የምመልሳት ቁጥር ናት። የወንዶች አሎሎ ክብደት ናታ! የቦውሊንግ ኳስ ከዚህ በላይ እንዲከብድ አይፈቀድም። አሎሎው ደግሞ ከዚህ በታች እንዲቀል አይፈቀድም። «ይቺን ዕድሜ ልኬን ስሸከማት ነው የኖርኩት» አልኩትና ጣቶቼን ቀዳዳዎቹ ውስጥ ከተትኩ።

ወረወርኩ። ጎን ካለው ቦይ ገባች። ደገምኩ። ቦይ። የልጅ ልጄ በ6 ፓውንድ ኳሷ፣ ለልጅ ተብሎ ቦዩ ተዘግቶላት፣ ሰባት ጣለች። «አይዞህ አባዬ» አለችኝ። ሦስት ጨዋታ ተጫወትን። ላብ? አንዲት ጠብታ የለም።

በማግሥቱ ጠዋት ቡና ተፈልቶ በርጩማው ላይ ልቀመጥ ስል የግራ ጭኔና መቀመጫዬ እምቢ አሉ። ግድግዳ ይዤ ነው የወረድኩት። ሙያዬ ነውና ምክንያቱ ወዲያው ገባኝ። በቀኝ እጁ የሚወረውር ሰው የሚጨርሰው በግራ እግሩ ተንሸራትቶ፣ ጉልበቱን አጥፎ ነው። 7 ኪሎ ክንዱ ላይ እየተወዛወዘ በአንድ እግር ይቆማል። በአንድ ጨዋታ ይህን እስከ 21 ጊዜ ሊደግመው ይችላል፤ ውድድር ላይ ደግሞ በቀን ብዙ ጨዋታ አለ። አሎሎ ወርዋሪ በትልቅ ፍጻሜ እንኳ 6 ጊዜ ወርውሮ ቤቱ ይገባል። እሱን «ስፖርተኛ አይደለህም» ያለው ሰው አላጋጠመኝም። ሆድ ከተነሳ ደግሞ አባትህ አሎሎ ወርዋሪዎቹን አይቷቸው ያውቃል?

ጉልበቱ ግን ቀላሉ ነገር ነው። ከመወርወሪያው መስመር እስከ ፊተኛው ፒን 18.29 ሜትር አለ። መንገዱ ወደ ጎን አንድ ሜትር ብታልፍ ናት። ጫፉ ላይ አሥር ፒኖች አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት እየሆኑ በሦስት ማዕዘን ቆመዋል። እኔ ጉልበተኛ ሰው ፊት ለፊት ካጋጨው ሁሉም ይረግፋል ብዬ ነበር። አይረግፍም። ፊተኛውን ፒን ግንባሩን ካልከው ኳሱ መሐሉን ሰንጥቆ ያልፍና ብዙ ጊዜ ግራና ቀኝ ዳር ዳር ላይ ይቀራል። ልክ እንደ ሽማግሌ ድድ፤ አንድ ጥርስ እዚህ፣ አንድ ጥርስ እዚያ። ሁለቱን በአንድ ኳስ መልቀም ለዋናዎቹም ጭንቅ ነው።

ባለሙያዎቹ ፊተኛውን ፒን በጎኑ ነው የሚነኩት። በቀኝ የሚወረውሩት በፊተኛውና ከኋላው በቀኝ በኩል ባለው ፒን መካከል ሾልከው ይገባሉ። ነገሩ ሲሰምር ኳሱ ራሱ የሚነካው አራት ፒን ብቻ ነው። ስድስቱ የሚወድቁት እርስ በርስ ተገፋፍተው ነው።

አፌን ያስያዘኝ ግን ዘይቱ ነው። መንገዱ ዘይት ይቀባል፤ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው 12 ሜትር ገደማ። ቀሪው ደረቅ ነው። ከሩቅ ብታየው ልዩነቱ አይታወቅም። ኳሱ ዘይቱ ላይ እየተሽከረከረ ይንሸራተታል፤ ደረቁ ጋ ሲደርስ ወለሉን ይይዝና ይታጠፋል። ከወረወርክ ወረወርክ ደግሞ ዘይቱ ይጠረጋል፣ ቦታ ይቀይራል። ቅድም የሠራልህ ውርወራ አሁን ይከዳሃል። በስልክህ ስታይ ሰውየው ከወረወረ በኋላ ተገትሮ ኳሱን እስከ መጨረሻው የሚሸኘው ዘይቱን እያነበበ ነው። አባትህ ነሐሴ ላይ ጭቃ ሜዳ ኳስ ተጫውቶ ካደገ ይህን ይረዳዋል። ኳሷ የት ጋ እንደምትቆም የሚያውቀው የሰፈሩ ልጅ ብቻ ነበር። ያን ሁሉ አልፎ 12 ጊዜ በተከታታይ አሥሩንም የጣለ ሙሉ ነጥብ ያገኛል፤ 300።

አሁን ወደ ላቡ ልመለስ። አባትህ የፋሲል ከነማ ደጋፊ መሆኑን ሳልጠይቅ አውቃለሁ፤ ጎንደር ነዋ። አጼዎቹ አጥቅተው በሚጫወቱበት ቀን ግብ ጠባቂያችን ምን ያህል ያልበዋል? በጥምቀት ጉግስ ላይስ የሚያልበው ማን ነው? ፈረሱ። ጭብጨባው ግን ለፈረሰኛው ነው።

«ስፖርት ከሆነ ኦሊምፒክ ላይ የታለ?» ሊልህ ይችላል። አንድ ጊዜ ለማሳያ ገብቶ ነበር፤ ሴኡል ላይ፣ መስከረም 1981 ዓ.ም.። እኛ የለንበትም፤ በደርግ ጊዜ ነው፣ ኢትዮጵያ አልሳተፍም ብላ ቀርታለች። ለቶኪዮ 2020 ኦሊምፒክ ደግሞ ከመጨረሻዎቹ ስምንት ዕጩዎች አንዱ ነበር። አምስቱ ሲያልፉ እሱ ቀረ። ካለፉት አንዱ ስኬትቦርድ ነው፤ እኔ ምንም አልልም። ገመድ ጉተታም እስከ 1920 እ.ኤ.አ. ኦሊምፒክ ላይ ነበር፤ ከዚያ ወጣ። ጉተታው ከዚያ ወዲህ ቀለለ እንዴ?

አባትህ ከረንቡላን የጠራው ግን ያለ ምክንያት አይደለም። በኛ ጊዜ ከረንቡላ ቤት ደጃፍ የታየ ልጅ ቤቱ ሲገባ አርጩሜ ይጠብቀው ነበር። ቁማር አለበት ተብሎ ነው። ቦውሊንግም ከዚህ ሐሜት አላመለጠም። ኮኔቲከት የምትባለው የአሜሪካ ግዛት በ1841 እ.ኤ.አ. የቦውሊንግን ታላቅ ወንድም፣ የዘጠኝ ፒኑን ጨዋታ በሕግ ከልክላ ነበር፤ ምክንያቱ ያው ቁማር ነው። በዚያ ልደት ቀንም አጠገባችን የነበሩ ጎረምሶች ቢራቸውን በግራ ጨብጠው በቀኝ ይወረውሩ ነበር። እነሱን ስፖርተኛ አልላቸውም። ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ደቂቃ ሮጠው ሃያ ደቂቃ የሚጨቃጨቁትን የጡረታ ጓደኞቼንም እግር ኳስ ተጫዋች ብዬ አላውቅም።

ግንባር ማየት ትቼ አሁን የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ብትለማመደው ትሻሻላለህ? ሌላ ሰው ተክቶህ ቢሠራልህስ ያው ነው? ሎተሪ ብትለማመድ አትሻሻልም። ቼዝ ትሻሻላለህ፤ ግን አንተ አልጋህ ላይ ተኝተህ «ፈረሱን እዚያ አድርግልኝ» ብትል ጨዋታው አይጓደልም። ቦውሊንግ ላይ «ወርውርልኝ» ካልክ የተጫወተው እሱ ነው።

ስለዚህ ስፖርት ነው። ጥብሱን አባትህ ይከፍላል። ግማሹን ግን እኔ እሸፍናለሁ፤ ያሳሳትኩት እኔ ነኝ።

ይህን ጽፌ ለጎረቤቴ አነበብኩላቸው። ሰማንያ ሊሞላቸው ነው። አባታቸው የሁለተኛ ክፍለ ጦር ወታደር ስለነበሩ ያደጉት አስመራ ነው። ሰምተው ሲጨርሱ የሱሪያቸውን እግር ሰብስበው ቅልጥማቸውን አሳዩኝ። እንደ ጥፍር የጎበጠ ጠባሳ አለ። «ፒን ነው» አሉኝ። አሜሪካኖቹ እዚያ ከነበራቸው የጦር ሰፈር፣ ከቃኘው ስቴሽን እየመጡ በሚጫወቱበት ቦውሊንግ ቤት ፒን አቋሚ ነበሩ ለካ። ማሽን የለም። ከፒኖቹ ኋላ ከፍ ያለ ነገር ላይ ተቀምጠው፣ ኳሱ ሲመጣ እግራቸውን ሰብስበው ይጠብቃሉ። እንደወደቀ ዘለው ይወርዳሉ፣ ኳሱን ይመልሳሉ፣ ፒኖቹን ሁለት ሁለት እያነሱ ያቆማሉ፣ ዘለው ይወጣሉ። አንድ ቀን አንድ ሰካራም ወርደው ሳይወጡ ወረወረ።

«ወርዋሪው ስፖርተኛ ይሁን አይሁን እናንተ ተከራከሩ። እኔ ግን ነበርኩ» አሉኝ።

እርሳስ አምጥቼ አሰላሁት። አንድ ፒን አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ ነው። አሥሩ 15 ኪሎ። በአሥር ዙር 150 ኪሎ። ከባዱን ኳስ አሥራ አምስት ጊዜ ያህል ሲመልሱ ሌላ መቶ። ለአንድ ሰው አንድ ጨዋታ ብቻ ሁለት ኩንታል ተኩል! ወረቀቱን አሳየኋቸው። «አላበኝም ወይ ብለህ አልጠየቅከኝም» አሉና ሳቁብኝ።

ጥያቄ፦ አዘዞ አስተማሪ ነኝ። ተማሪዎቼን ቦውሊንግ ማለማመድ እፈልጋለሁ፤ እቃው ግን የለንም። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ አሥር ባዶ ሃይላንድ ሰብስቢ። እኩል እኩል አሸዋ ጨምሪባቸው፤ ሩቡን ያህል ይበቃል፣ አለዚያ ነፋስ ይጥላቸዋል። ከመሐል እስከ መሐል 30 ሳንቲ ሜትር አራርቀሽ በሦስት ማዕዘን አቁሚያቸው። ለልጆች 8 ሜትር ርቀት ይበቃል። ኳሱ አሮጌ የእግር ኳስ ይሁን፤ ጨርቅ ተጠቅጥቆበት ከተሰፋ ከበድ ይላል። በየዙሩ ሁለት ውርወራ አላቸው። አሥሩንም በአንደኛው የጣለ 10 ይያዝለትና ቀጥሎ የሚወረውራቸው ሁለቱ ይደመሩለታል። በሁለተኛው የጨረሰ ደግሞ 10 ይያዝለትና ቀጥሎ የሚወረውራት አንዷ ትደመርለታለች። ነጥቡን ራሳቸው ይደምሩ፤ የሒሳብ አስተማሪዋ ታመሰግንሻለች።

ጠርሙስ የሚያቆመውን ልጅ ግን በየጨዋታው ቀይሪው።