ለቦሎ ቀን ብቻ የሚመለስ ጎማ

ጥያቄ፦ «ነዋሪነቴ ደሴ ነው። ሥራዬ ወደ መካነ ሰላምና ወደ ደላንታ ስለሚያመላልሰኝ ደብል ጋቢና ሀይሉክሴን ከፊትም ከኋላም ከፍ አስደርጌ፣ በመስከረም ወር በ265/65 አር 17 ጎማ ፋንታ 285/70 አር 17 አስገጥሜያለሁ። ሙሉ ሽፋን ያለው መድን አለኝ፤ የመድን ወኪሉም መኪናውን አይቶታል። አንዳንዴ የእህቴ ልጅ ይነዳዋል። ቦሎውን በኅዳር ያለ ምንም ችግር ወስጃለሁ። ትልቅ ጎማ መግጠም በሕግ ያስጠይቃል? አደጋ ቢደርስስ መድን ሰጪው አልከፍልም ሊል ይችላል?»

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የመጀመሪያው ጥያቄዎ አጭር መልስ አለው። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 መኪናዎ በየጊዜው ተመርምሮ በተመዘገበበት ሁኔታ እንዲገኝ ስለሚፈልግ፣ ከፍታውንና ጎማውን ከመቀየርዎ በፊት መዝጋቢውን መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ጠይቀው ፈቃድ መያዝ ነበረብዎት። ይህ አሁንም አልረፈደም። ለሁለተኛው ጥያቄዎ መልሴ አዎን፣ ሊል ይችላል የሚል ነው፤ ይሳካለት አይሳካለት የሚወሰነው ግን በጻፉልኝ ሳይሆን ባልጻፉልኝ ነገር ነው።

ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጎማው በመስከረም ተገጠመ፤ ቦሎው በኅዳር ያለ ምንም ችግር ተወሰደ። እንግዲህ ወይ መርማሪው ከፓራፋንጎው ወጣ ብሎ የሚታየውን ጎማ አይቶ ዝም ብሏል፣ ወይ በዚያ ዕለት መኪናው ላይ የነበረው የቀድሞው ጎማ ነው። ወንድሜ፣ ሁለተኛው ይመስለኛል። ተሳስቼ ከሆነ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ነገር ግን ጠዋት ጎሚስታ ዘንድ አስፈትቶ፣ ተመርምሮ፣ ማታ መልሶ ማስገጠም ብዙ ሰው እንደ ቀላል ብልሃት የሚያየው ነገር ስለሆነ፣ ያልጻፉትን እንደ ተጻፈ ቆጥሬ እመልስልዎታለሁ። ደንበኞቼ ደጋግመው የሚወድቁበት ጉድጓድ ይኸው ነውና።

የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ መድን ገቢው የሚያውቀውንና መድን ሰጪው አደጋውን ለመመዘን የሚያስፈልገውን ሁሉ በትክክል እንዲያስታውቅ ያስገድዳል፤ በውሉ ዘመን አደጋውን የሚያባብስ ለውጥ ሲመጣም እንዲሁ ሊነገረው ይገባል። አንቀጽ 668 ደግሞ ሁለት ዓይነት ሰዎችን ይለያል። ሆን ብሎ የደበቀ ሰው ውሉ ራሱ ፈራሽ ሊሆንበት ይችላል፤ ሳያውቅ ወይም ሳያስብ ዝም ያለ ሰው ግን ካሣው ሊቀነስበት ቢችልም ከነጭራሹ ባዶ እጁን አይቀርም። እርስዎ በመስከረም ጎማውን ሲያስገጥሙ ከሁለተኛው ወገን ነበሩ፤ አላወቅሁም ቢሉ የሚያምንዎት ዳኛ ይኖራል። በኅዳር ለአንድ ቀን የቀድሞውን መልሰው ካስገጠሙ ግን ትልቁ ጎማ እንደሚያስጠይቅ ማወቅዎን በራስዎ እጅ መስክረዋል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ መድኑን ሲያድሱ ዝም ካሉ፣ ዝምታዎን መርሳት ነው ብሎ ማስረዳት እጅግ ከባድ ይሆናል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የያዝኩትን አንድ ጉዳይ ልንገርዎ። የደንበኛዬ ፒክአፕ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ ሐረጎ ላይ ተገለበጠ፤ ሰው በእግዚአብሔር ቸርነት ተረፈ፣ መኪናው ግን ከጥቅም ውጪ ሆነ። ደንበኛዬ ለጎማዎቹ ያወጣው ገንዘብም እንዲተካለት ፈልጎ፣ ያሉትን ደረሰኞች በሙሉ በአንድ ፖስታ አድርጎ እኔ ሳላያቸው ለመድን ሰጪው አስገብቶ ነበር። ከመካከላቸው በእጅ የተጻፈች አንዲት ትንሽ የጎሚስታ ወረቀት አለች፦ «ፈትቶ መግጠም፣ 8»። አራት ጎማ ላለው መኪና በአንድ ቀን ስምንት! ቀኑ የቦሎ ምርመራው ቀን ነው። የመድን ሰጪው ጠበቃ ያችን ወረቀት አውጥቶ «እነዚህ ስምንቱ የትኞቹ ናቸው?» ብሎ ሲጠይቅ ደንበኛዬ አንገቱን ደፋ። የመኪናውን ዋጋ ሳያገኝ ቀረ። ደረሰኞቹን ለመድን ሰጪው ከማስገባቱ በፊት ያችን ወረቀት ይዞ ወደ እኔ ቢመጣ ኖሮ ቢያንስ ክርክራችን ሌላ መልክ ይኖረው ነበር።

ወኪሉ መኪናውን አይቶታል ብለዋል። ወኪል ማየቱ እርስዎ አስታውቀዋል ማለት አይደለም። ነገ ወኪሉ ሥራ ቢቀይር ወይም አላስታውስም ቢል በእጅዎ ምን ይቀራል? ለመድን ሰጪው ቅርንጫፍ በደብዳቤ ያስታውቁ፤ በቅጂው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ሳያስመቱ ከቢሮው አይውጡ። መጀመሪያ የሞሉትን የመድን ጥያቄ ቅጽም ፈልገው ያንብቡ፤ መኪናው ከፋብሪካው አሠራር ተለውጧል ወይ የሚል ጥያቄ ካለበት ምን ብለው እንደመለሱ ማወቅ አለብዎት።

ጎማ ትንሽ ነገር ነው፣ አደጋን አያባብስም ብለው ለመከራከር ካሰቡ ቁጥሩ አይረዳዎትም። የቀድሞው ጎማ ዲያሜትር 776 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን አዲሱ ወደ 831 ይጠጋል፤ ልዩነቱ 7 በመቶ ነው። ስለዚህ የፍጥነት መለኪያዎ ካልተስተካከለ 80 ሲል እርስዎ ከ85 በላይ እየሄዱ ነው፣ በፍርድ ቤትም «80 ላይ ነበርኩ» የሚለው ቃልዎ በቅን ልቦና የተነገረ ስህተት ይሆናል። ከዚህም በላይ በብዙ ፒክአፖች ላይ ከኋላ አክሱል ጋር የተያያዘ፣ የጭነቱን ክብደት ከመኪናው ቁመት ለክቶ የኋላ ፍሬኑን የሚመጥን መሣሪያ አለ፤ መኪናው ከፍ ተደርጎ ይህ ካልተስተካከለ፣ ጭነት ይዘው ሳለ ባዶ እንደሆኑ ቆጥሮ የኋላ ፍሬኑን ይቀንሰዋል። ባለሙያ ምስክር ይህን ሲያስረዳ ብቻ አይደለም የሚያስፈራው፤ ጭነው ሐረጎን ሲወርዱ ነው።

ስለ እህትዎ ልጅ በአጭሩ፦ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 መሠረት ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ ሌላ ሰው መንዳቱ፣ ያለ ፈቃድዎ ቢሆን እንኳ፣ አያድንዎትም። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የተደነገገው የሦስተኛ ወገን መድን ለተጎጂው የሚከፍለው እስከ ጣሪያው ብቻ ነው፤ ሙሉ ሽፋኑ ከፈረሰ የተረፈው ከቤትዎ ይወጣል። ልጁ ራሱ ደግሞ ሰው ቢሞትና ግልጽ የሆነ ደንብ ሆን ተብሎ መጣሱ ቢረጋገጥ፣ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543 ንዑስ አንቀጽ 3 ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ያስከትላል። መኪናው እንደተቀየረ ነግረውታል?

እንግዲህ ሊብሬውን፣ የመድን ውሉንና ቅጹን፣ የምርመራውን ወረቀት፣ የጋራዡንና የጎሚስታውን ደረሰኞች አንዲት ሳያስቀሩ ሰብስበው፣ ለማንም ከማስገባትዎ በፊት እዚያው ደሴ ካለ ጠበቃ ጋር ይቀመጡ፤ ለመድን ሰጪውና ለመዝጋቢው የሚጻፉት ሁለቱ ደብዳቤዎች የሚቃረኑ እንዳይሆኑ እሱ ይይልዎት። በኅዳር የሆነውንም ለእሱ ሳይሸሽጉ ይንገሩት፤ ጠበቃ የደንበኛውን ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት። የሁለቱም መልስ በጽሑፍ እስኪመጣ የቀድሞዎቹን ጎማዎች መልሰው ያስገጥሙ፣ ፍሬኑንም በመካኒክ ያስመርምሩ፤ በዚህ ጊዜ የጎሚስታውን ደረሰኝ በጥንቃቄ ያስቀምጡት።