ሰዓትሽን ማን ይክፈልሽ? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ጥምቀት ሲቃረብ ወደዚህ ዓምድ የሚመጣው ጥያቄ ሁሉ ስለ ልብስ ይሆናል። ዘንድሮም አልቀረም። ራሳቸው ዲዛይን አውጥተው፣ ራሳቸው ቆርጠው፣ ራሳቸው ሰፍተው ከሚሸጡ የባሕር ዳርና የጣና ዳር ልጆች የመጡትን መርጬ ልመልስ (አንደኛዋ እንኳ ልጅ አይደሉም፣ ይቅርታ እናቴ)። ስም አልጠራም። ከተማችን ትንሽ ናት፤ ማን ለማን እንደሚሰፋ ሁሉም ያውቃል።

«የፋሽን ዲዛይን የተማርኩት እዚሁ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ነው። ሽምብጥ በተከራየሁት ቤት አንዷን ክፍል ለስፌት አድርጌ የሐበሻ ቀሚስ እሠራለሁ። ሸማውን ሸማኔ ይሠራልኛል፣ ጥልፉን በእጄ እጠልፋለሁ። ትእዛዝ አይጠፋም፣ ብር ግን የለም! አንዱን ቀሚስ 5,000 ብር እሸጣለሁ፣ ዕቃው ብቻ 3,500 ይወስድብኛል። ዘመድ ደግሞ "ለኔማ ቀንሺልኝ እንጂ" ይላል። ብጨምር ደንበኛ ይሸሸኛል ብዬ ፈራሁ።» ከሽምብጥ

እታለም፣ ትርፌ 1,500 ብር ነው ብለሽ ነው የያዝሽው። አይደለም። አንዱ ቀሚስ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅብሽ አልጻፍሽልኝም፣ ዋናው ነገር ግን እሱ ነው። የዕቃውን ዋጋ እስከ መጨረሻው ቁልፍ ድረስ ታውቂዋለሽ። ጊዜሽን ግን በነጻ ነው የምታድይው።

እስቲ አብረን እናስላው። ቁጥሩ ለምሳሌ ነው፣ አንቺ የራስሽን አስገቢበት። ለራስሽ በወር 16,000 ብር ደሞዝ ትፈልጊያለሽ እንበል። የክፍሉ ኪራይ ድርሻ፣ መብራት፣ የሲንጀሩ ጥገና፣ ባጃጅ፣ የስልክ ካርድ ተደምሮ 4,000 ይሁን። በጠቅላላው 20,000 መጣ። አሁን ደግሞ በወር ስንት ሰዓት ነው በእውነት የምትሰፊው? ቀኑን ሙሉ እንዳትዪኝ። ሸማኔው ዘንድ ስትመላለሺ፣ ቅዳሜ ገበያ ክርና ገበር ስትፈልጊ፣ ለልክ የመጣችን ደንበኛ ቡና አፍልተሽ ስታጫውቺ፣ ማታ ማታ «ዋጋው ስንት ነው?» ብሎ ለሚጠፋ ሁሉ ስትመልሺ፣ መብራት ሄዶ ካውያ ይዘሽ ቁጭ ስትዪ፣ ይሄ ሁሉ ሥራ ነው፣ ስፌት ግን አይደለም። እጅሽ ጨርቅ ላይ የሚውለው በወር 100 ሰዓት ከሆነ ጎበዝ ነሽ። 20,000ን ለ100 አካፍዪው። አንዱ ሰዓትሽ 200 ብር ነው።

ቀሚሱ ልክ ከመውሰድ እስከ መተኮስ 22 ሰዓት ከፈጀ የእጅሽ ብቻ 4,400 ይሆናል። ዕቃው 3,500። ድምሩ 7,900 ብር። አንቺ በ5,000 ነው የምትሸጪው! ያ 1,500 ለ22 ሰዓት ሲካፈል በሰዓት 68 ብር ገደማ ነው፣ ከሱ ላይ 40ው ለመብራት ለኪራይ ምናምን ይሄዳል። የቀረሽ 28 ብር። ማኪያቶ እንኳ አያስጠጣሽም።

ከዚሁ ስሌት ሌላ ነገርም ይወጣል፣ እኔ እንደውም የበለጠ የምወደው እሱን ነው። በ100 ሰዓት ውስጥ 22 ሰዓት የሚፈጅ ቀሚስ ስንት ይወጣል? አራት ተኩል። አራት በይው። ለጥምቀት ዘጠኝ ሰው እሺ ካልሽ እንቅልፍሽን ነው የሸጥሽው። በሌላ በኩል ደግሞ በወር የሚያስፈልጉሽ ደንበኞች አራት ብቻ ናቸው ማለት ነው። ዋጋ ሰምተው ከአስሩ ስድስቱ ቢመለሱ ሥራሽ አይጎድልም። ገበያው በፋብሪካ ታትሞ ከቻይና በሚገባ ባለ ጥበብ ጨርቅ ተሞልቷል፤ ከሱ ጋር በዋጋ የሚወዳደር ሰው ይከስራል፣ በቃ። እዚያ የምትገዛዋ ሴትና አንቺ ዘንድ የምትመጣዋ ሴት የሚፈልጉት ነገር አንድ አይደለም።

ግን አንድ ማለዳ ተነስተሽ 5,000ውን 7,900 አታድርጊው። የተቀበልሽውን ትእዛዝ በድሮው ዋጋ ጨርሺ፣ አዲሱን ዋጋ ለአዲስ ሰው ንገሪ። ሁለት ዓይነት ልብስ ቢኖርሽም ጥሩ ነው። አንዱ ሙሉ የእጅ ጥልፍ፤ ሌላው ጥለቱ ከሸማኔው እጅ የወጣ፣ ጥልፉ አንገቱ ላይ ብቻ የሆነ ወይም በኮምፒውተር የተጠለፈ። ሁለተኛው 9 ሰዓት ብቻ ከፈጀብሽ ዋጋው ራሱ ይወርዳል፣ አንቺም አትጎጂም። የኮምፒውተሩን ግን የእጅ ነው ብለሽ እንዳትሸጪ። ገልብጣ የምታይ ሴት አትጠፋም።

ዘመድን በተመለከተ፣ «ቀንሺልኝ» ሲሉሽ ዋጋ ሳይሆን ሥራ ቀንሺ። «እሺ እትዬ፣ በዚያ ብር ይሄኛውን ልሥራልዎት» ብለሽ ሁለተኛውን ዓይነት አሳያቸው። ለእናትሽ ከሆነ በነጻ ስሪላቸው። ስጦታ ሌላ፣ ቅናሽ ሌላ።

«አባይ ማዶ ነኝ። የወንድ ሸሚዝና የሚዜ ልብስ በሸማ እሰፋለሁ፣ ረዳት የለኝም። አንዳንዱ ያዝዝና ይጠፋል። ሌላው በዓሉ ሁለት ቀን ሲቀረው ከተፍ ይላል። አንድ ሙሽራማ የሚዜዎቹን ልብስ ሁሉ አሰፍቶ ሠርጉ ተራዘመ ብሎ ቀረ። ቀብድ መጠየቅ ደግሞ ያሳፍረኛል።» ከአባይ ማዶ

ወንድሜ፣ የቀብድ ነውር የለውም። ሸማኔው አንተን አይጠይቅህም? ቀብዱ ቢያንስ የዕቃውን ሙሉ ዋጋ ይሸፍን። ለሠርግ ትእዛዝ ግማሹን ቀድመህ ተቀበል፣ የቀረውን ልብሱ ከእጅህ ከመውጣቱ በፊት። በቴሌብር ቢልኩልህ ይሻላል፣ ማስረጃው ለሁለታችሁም ይቀራል። ልኩን፣ የተቀበልከውን፣ የቀረውን፣ የምታስረክብበትን ቀን በደብተር ያዝ። ስልክ ላይ ብቻ አትተማመን፤ ኢንተርኔት ጠፍቶ ለወራት ሲቆይ አይተነዋል፣ ያኔ ደብተር ያለው ሰው ነው ደንበኛውን ደውሎ ያገኘው።

የመጨረሻ ደቂቃውን ሰው የምትገላገለው ደግሞ በቀን መቁጠሪያ ነው። የኛ ገበያ ዓመቱን ሙሉ እኩል አይሄድም። እንቁጣጣሽና መስቀል ተከታትለው ይመጣሉ። ከኅዳር 15 ጀምሮ የነቢያት ጾም ነው፤ ያኔ ሰው ለገናና ለጥምቀት ያዝዛል፣ አንተ ትሰፋለህ። ከጥምቀት በኋላ ሠርግ ነው፣ ዐቢይ ጾም እስኪገባ። ከዚያ 55 ቀን ጭር ይላል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ «ሥራ የለም» ብሎ ያማርራል። ለኔ ግን የዓመቱ ምርጥ ጊዜ ይሄ ነው። ሸማኔው አይጣደፍም፣ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ለሚጀምረው የሚያዝያና የግንቦት ሠርግ ሸማህን ቀድመህ ታሠራለህ፣ አዲስ ፓተርን ትሞክራለህ። ፋሲካ በየዓመቱ ቀኑ ይለዋወጣልና በዓመቱ መጀመሪያ ቀኑን አይተህ ደብተርህ ላይ አስፍር። የሙስሊም ደንበኞች ካሉህ ዒድ በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ እየቀደመ ይመጣል፣ እሱንም ጻፈው። በሐምሌና በነሐሴ ግን ብዙ ቃል አትግባ። በባሕር ዳር ክረምት የታጠበ ሸማ አይደርቅም።

ማጠቡን ያነሳሁት በምክንያት ነው። ሸማን ሳትነክር አትቁረጥ። ከሸማኔ የመጣ አዲስ ጨርቅ ሲታጠብ ይሰበሰባል፣ ደንበኛህ ቤቱ ሄዶ ሲያጥበው እጅጌው ክርኑ ላይ ቢወጣ የሚሰደበው ሸማኔው አይደለም። በቀዝቃዛ ውሃ ንከረው፣ ጥላ ላይ አስጣው፣ በረኪና አታስነካው። ጥለቱ ቀይ ወይም ጥቁር ከሆነ ነጭ እራፊ አርጥበህ ጫንበት፤ ቀለም ከለቀቀ ከነጩ ጋር ከመስፋትህ በፊት ወደ ሸማኔው መልሰው። ወርዱም ጠባብ ነው፣ ሰፊ ትከሻ ላለው ሰው መቀጠል ይመጣል፣ ስለዚህ ልክ ሳትወስድ ጨርቅ አታሠራ። ይሄ ሁሉ ቀናት ይበላል። እና ለጥምቀት የመጨረሻውን ትእዛዝ የምትቀበልበትን ቀን ቆርጠህ በር ላይ ለጥፍ። ከዚያ በኋላ የመጣ የአጎትህ ልጅም ቢሆን ለሠርግ ወረፋ ይያዝ።

«ባለቤቴ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠርቶ ነው ጡረታ የወጣው። እኔ ከልጅነቴ ጀምሬ እፈትላለሁ፣ የአንገት ጥልፍም እጠልፋለሁ፣ የሰፈር ሰው ያሠራኛል። ልጆቼ ብድር ወስደሽ ሱቅ ክፈቺ ይሉኛል። ልክፈት ልጄ?» ከፋሲሎ ክፍለ ከተማ

አይክፈቱ እናቴ።

ሱቅ ከከፈቱ መቼ ይፈትላሉ? ደንበኛ ሲጠብቁ ይውላሉ። ኪራዩ በየወሩ ይመጣል፣ በዓል ግን በየወሩ አይመጣም። ብድሩም የራሱ ጣጣ አለው፣ በቡድን ዋስትና ከሆነ ደግሞ ጎረቤት ከጎረቤት ያቀያይማል። ልጆችዎ ለእርስዎ አስበው ነው፣ ይገባኛል። ግን እርስዎ ሌላው የሌለው ነገር በእጅዎ አለ። ዛሬ የሸማው ድር ብዙውን ጊዜ የፋብሪካ ክር ነው፤ የእጅ ፈትል የሚፈለገው ለማጉ ነው። ቀጭንና እኩል አድርጎ የሚፈትል ሰው ደግሞ በየቤቱ አይገኝም። ባለቤትዎ የሠሩበት ፋብሪካ በ1953 ዓ.ም. በጣሊያን የጦር ካሳ ተተክሎ ስንት ዘመን ክር ሲያወጣ፣ እንዝርቱ እስከ ዛሬ ከቤትዎ አልወጣም። ይሄ ራሱ አንድ ነገር ነው።

የማዝንብዎ በአንድ ነገር ነው፤ ለሰፈር ሰው «የሰጠሽኝን ስጪኝ» እያሉ ነው የሚሠሩት ብዬ እጠረጥራለሁ። አንድ የአንገት ጥልፍ ይሄን ያህል ብር ብለው ይቁረጡ። ከላይ የጻፈችው የሽምብጥ ልጅ ጊዜ አጥሯታል፣ ጥልፉን የሚያግዛት ብታገኝ በወር ከአራት ቀሚስ በላይ ትሠራለች። ሁለታችሁም ከፈቀዳችሁ በዝግጅት ክፍሉ በኩል አገናኛችኋለሁ።

«ቤቴ ውስጥ ሆኜ ነው የምሰፋው፣ ንግድ ፈቃድ የግድ ነው?» ከዲያስፖራ ሰፈር

አዎ። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር አውጪ፣ ከዚያ ክፍለ ከተማሽ ንግድ ጽሕፈት ቤት ሂጂ። የተከራየሽው ቤት ከሆነ ከአከራይሽ ጋር ቀድመሽ ተነጋገሪ፣ የኪራይ ውል መጠየቅሽ አይቀርም፣ ብዙ ሰው የሚሰናከለውም እዚያ ላይ ነው። የጨርቅና የክር ደረሰኝ ከዛሬ ጀምረሽ አትጣይ። የግብር ዓመቱ ሰኔ 30 ያልቃል፣ ያን ጊዜ ወጪሽን በቃል ብትናገሪ የሚሰማሽ የለም።

«ዘጌ ነኝ፣ የገዳም ጎብኚ ሲመጣ የምሸጠው ሻርፕ እሠራለሁ። ጫፉ ላይ የደንገል ታንኳ በእጄ እጠልፋለሁ፣ አሣሣሉ የራሴ ነው። ፎቶውን ከለጠፍኩ በኋላ ባሕር ዳር አንድ ሱቅ ያንኑ በማሽን አስጠልፎ ሲሸጥ አየሁ። ልክሰሰው?» ከዘጌ

ታንኳ የማንም አይደለም። ጣና ላይ የኖረ ሰው ሁሉ ሊጠልፈው ይችላል፣ ጥለትና መስቀልም እንደዚያው። ያንተ ሊሆን የሚችለው አንተ የሣልከው ቅርጽ ነው፣ የቀዘፋው አያያዝ፣ የማዕበሉ አጣጣል፣ የቀለሙ ምርጫ። ለዚህ ሕግ አለ፤ በ1987 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 123 የኢንዱስትሪ ንድፍ ምዝገባን ይጨምራል፣ ምዝገባው ያለው አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ዘንድ ነው። አዲስ መሆኑ ይጠየቃልና ወደፊት ልታስመዘግበው የምታስበውን ነገር አስቀድመህ አትለጥፍ። እውነቱን ልንገርህ ግን፣ ለአንድ ሻርፕ አዲስ አበባ ተመላልሶ መካሰስ ከሻርፑ ገቢ በላይ ያስወጣሃል። ዓመቱን ሙሉ የምትሠራው ዋና ንድፍህ ከሆነ ብቻ አስብበት።

እስከዚያው ፎቶ ስትለጥፍ ጥልፉን በቅርብ አታሳይ፣ ሰው ለብሶት ከራቅ ብሎ ይነሳ። ስምህን የያዘች ትንሽ ምልክት ጠርዙ ላይ ስፋ። የሥዕሎችህን ረቂቅ ቀን ጽፈህ አስቀምጥ።

ደግሞ አንድ ነገር ሞክር። ወደዚያ ሱቅ ሂድና ባለቤቱን በሰላም አናግረው። ዕቃው ተፈልጎ ነው ያስጠለፈው፣ ሻጭ ነው፣ ጥልፍ ሠሪ አይደለም። የእጅ ሥራውን ከኔ ውሰድ በለው። በቀብድ ካዘዘህ ስራለት። በዱቤ ካለህ ተወው፣ ጀልባህን ተሳፍረህ ተመለስ።