መግል ሁሉ ከባክቴሪያ አይመጣም

ልጆች፣ ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ አካባቢ ክሊኒክና ጤና ጣቢያ ለምትሠሩት ነው የምጽፈው። መግል ስታዩ እጃችሁ ወዲያው ወደ አንቲባዮቲክ አይሂድ።

ብጉንጅ አብዛኛውን ጊዜ ከባክቴሪያ ነው፣ እሱ ላይ ክርክር የለኝም። ግን ሌላም አለ። ቆዳው በሰፊው ቀልቶ ያቃጥላል፤ የሰናፍጭ ፍሬ የሚያካክሉ ነጫጭ መግሎች ይወጡበትና እርስ በርስ ይገናኛሉ። በሽተኛው ያተኩሰዋል፣ ያንቀጠቅጠዋል። መግሉን ካልቸር (ላብራቶሪ ውስጥ ባክቴሪያ ይበቅልበት እንደሆነ የሚታይበት ምርመራ) ብታስደርጉት ግን ምንም አይበቅልም። ይሄ መግል የሚቋጥረው የሶሪያሲስ ዓይነት ነው፤ ሶሪያሲስ የሰውነት መከላከያ ተዛብቶ ቆዳን የሚያስቆጣበት በሽታ ነው።

ታዲያ መግሉ ከየት መጣ? የቆዳ ሴሎች ኢንተርሉኪን 36 የሚባል መልእክት ይለቃሉ፤ እሱ ኢንተርሉኪን 8ን ያስወጣል፣ ኢንተርሉኪን 8 ደግሞ ኒውትሮፊል የሚባሉትን ነጭ የደም ሴሎች ከደም ሥር ይጠራና የላይኛው ቆዳ ውስጥ ያከማቻቸዋል። ሁሌም የሚገርመኝ ቀጥሎ ያለው ነው። የመጡት ኒውትሮፊሎች የሚለቁት ኢንዛይም ያልነቃውን ኢንተርሉኪን 36 ቆርጦ ያነቃዋል፣ የነቃው ደግሞ ሌሎች ኒውትሮፊሎችን ይጠራል፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ጤነኛ ሰው ላይ ይህን የሚገታ ልጓም አለ፤ ኢንተርሉኪን 36 ሴሉ ላይ የሚያርፍበትን መቀመጫ (ሪሴፕተር) ቀድሞ የሚይዝ ፕሮቲን ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የቱኒዚያ ቤተሰቦች ላይ የተሠራ ጥናት የዚህ ፕሮቲን ጂን ሲበላሽ በሽታው እንደሚመጣ አሳየ። በ2022 ደግሞ ያንኑ መቀመጫ የሚዘጋው ስፔሶሊማብ የሚባል መድኃኒት አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። አያችሁ፣ መነሻው ሲታወቅ መድኃኒቱም ይገኛል።

እናንተ ክፍል ውስጥ የሚጠቅማችሁ ግን ጥያቄ ነው። ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን የስቴሮይድ መድኃኒት ሲወስድ ቆይቶ በድንገት አቁሟል ወይ? ይሄ በሽታውን ይቀሰቅሰዋል። ሰሞኑን አዲስ መድኃኒት ጀምሯል ወይ? አንቲባዮቲኩ አሞክሲሲሊን ራሱ በጥቂት ቀናት ውስጥ እንዲህ ያለ መግል ሊያወጣ ይችላል፤ ያኔ በላዩ አንቲባዮቲክ መጨመር ሰውየውን መጉዳት ነው። ምች መስሎት ዳማከሴ አሽቶ የመጣም አለ። አትቆጡት፣ ከተቆጣችሁት ከፋርማሲ የገዛውን ቅባት አይነግራችሁም።

ትኩሳት ካለውና መግሉ ከተስፋፋ፣ በተለይ ነፍሰ ጡር ከሆነች፣ ሳትውል ሳታድር አዲስ አበባ ወዳለው አለርት ሆስፒታል ወይም የቆዳ ሐኪም ወዳለበት ሌላ ሆስፒታል ላኳት። ሪፈሩ ላይ የወሰደችውን መድኃኒት ሁሉ፣ የጀመረችበትንና ያቆመችበትን ቀን ጻፉ። እኛ ጋ ስትደርስ መጀመሪያ የምንፈልገው እሱን ነው።