ኮምፓሬተሬ ዜሮ ላይ ተኝቶ ቀረ፣ ተቃጥሎ ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም እንዴት ናችሁ፣ ወንድማችሁ ነኝ። ሲጨልም ኤልኢዲ የሚያበራ ሰርኪት በ5 ቮልት እየሰራሁ ነው፣ ኮምፓሬተሩ (ሁለት ቮልቴጅ የሚያወዳድረው አይሲ) ኤልኤም393 ነው። ሴንሰሩን ብሸፍነውም ብገልጠውም አውትፑቱ በመልቲሜትር ዜሮ አካባቢ ነው የሚያሳየኝ። የሚገርመው እዛው ሶኬት ላይ ኤልኤም358 ስሰካበት ይሰራል። አዲስ 393 ልግዛ?

መልስ፦ ኧረ አትግዛ! ምናልባትም አይሲህ ደህና ነው። የሁለቱ እግር አደራደር አንድ ስለሆነ ብዙ ሰው ይምታታበታል እንጂ አውትፑታቸው አይገናኝም። 358 ኦፕ አምፕ (ሲግናል ማጉያ) ነው፣ አውትፑቱን ወደ ላይም ወደ ታችም ራሱ ይነዳዋል። 393 ጋ ግን አውትፑቱ ላይ ያለው አንድ ኤንፒኤን ትራንዚስተር ነው፣ ኤሚተሩ ግራውንድ ላይ ታስሯል፣ ኮሌክተሩ ምንም ሳይያያዝበት ወደ ውጭ ወጥቷል፣ ኦፕን ኮሌክተር የሚሉት ይሄንን ነው። ማይነስ ኢንፑቱ ከፕላሱ ሲበልጥ ትራንዚስተሩ ይበራና አውትፑቱን ወደ ግራውንድ ይጎትታል፣ ፕላሱ ሲበልጥ ደግሞ ይለቀዋል፣ መልቀቅ ብቻ ነው፣ 5 ቮልት ከየት አምጥቶ ይስጥህ? ገመድ በል፣ ይስባል እንጂ አይገፋም። ሲለቀው ደግሞ የመልቲሜትርህ የራሱ 10 ሜጋ ኦም ወደ ዜሮ ስለሚያወርደው በሁለቱም ጊዜ ዜሮ ታያለህ።

ስለዚህ ከአውትፑቱ ወደ 5 ቮልት 10 ኪሎ ኦም ፑል አፕ (አውትፑቱ ሲለቀቅ ወደ ላይ የሚስበው ሬዚስተር) አድርግና እንደገና ለካ። ከዚያ ኤልኢዲውን ከአውትፑት ወደ ግራውንድ ታደርገውና ደብዛዛ ሆነብኝ ትለኛለህ፣ ምክንያቱም በ10 ኪሎ ኦም በኩል የሚደርሰው 0.3 ሚሊአምፒር ገደማ ነው። ገልብጠው፦ ከ5 ቮልት በ1 ኪሎ ኦም እና በኤልኢዲው አድርገህ ወደ አውትፑቱ አስገባው፣ 3 ሚሊአምፒር አካባቢ ያልፋል፣ ለ393 ቀላል ነው (እርግጠኛ ሆነህ የምታስጎትተው እስከ 6 ሚሊአምፒር ነው፣ ሪሌይ በቀጥታ እንዳትሰካበት)። አሁን ግን ኤልኢዲው የሚበራው አውትፑቱ ሎው (ወደ ዜሮ የወረደ) ሲሆን ነው፣ ስራው ከተገለበጠብህ ሁለቱን ኢንፑቶች አቀያይር።

እኔ በበኩሌ ይሄን ባህሪውን እወደዋለሁ። አይሲው በ12 ቮልት እየሰራ ፑል አፑን ወደ 3.3 ቮልት ብታስረው ለማይክሮኮንትሮለር የሚሆን ሲግናል ታገኛለህ። የሁለት ኮምፓሬተር አውትፑት አንድ ላይ አስረህ በአንድ ፑል አፕ ብታሰራቸው ደግሞ አንዱ ሎው ካደረገ ሁሉም ሎው ነው፣ ቮልቴጅ ከዚህ እስከዚህ መሆኑን ማወቅ ስትፈልግ ይሄ ተመራጭ ነው፣ በ358 ግን እንዳትሞክረው፣ አንዱ ወደ ላይ አንዱ ወደ ታች ይጓተታሉ።

ጥያቄ፦ የኔ ፑል አፕ አለው፣ ግን ልክ ሊጨልም ሲል ኤልኢዲው ብልጭ ድርግም ይላል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ሁለቱ ኢንፑቶች እኩል ሊሆኑ ሲሉ አውትፑቱን ለማገላበጥ ትንሽ ኖይዝ (የሲግናል መረበሽ) ትበቃዋለች። ሂስተሪሲስ ስጠው፣ ማለትም ማብሪያና ማጥፊያ ነጥቡን አራርቀው፦ ፕላስ ኢንፑቱን በ10 ኪሎ ኦም አስገባና ከአውትፑቱ ወደዛው እግር 1 ሜጋ ኦም አድርግ፣ በ5 ቮልት ማብሪያና ማጥፊያው ነጥብ በ50 ሚሊቮልት ገደማ ይራራቃል። ካልበቃህ 1 ሜጋውን ወደ 470 ኪሎ ዝቅ አድርገው። የኦም መጠኑ ከፑል አፑ ጋር እንዳይቀራረብ ግን ተጠንቀቅ፣ ሃይ ሲሆን ፊድባኩም ኤሌክትሪክ የሚያገኘው በሱው በኩል ነው።