የአሜሪካን ታሪክ ለዜግነት ፈተና ብቻ አትሸምድዱት

ለዜግነት ፈተና የሚዘጋጅ ወገናችን የታሪኩን ክፍል ብዙ ጊዜ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሉ ይወጣዋል። ሊንከን ምን አደረገ? ባሪያዎችን ነጻ አወጣ። ሱዛን ቢ. አንተኒ ምን አደረገች? ለሴቶች መብት ታገለች። ፈተናው ይታለፋል፣ መሐላው ይፈጸማል፣ የተሸመደደውም ይረሳል። ነገር ግን ከ1863 እስከ 1938 የወጡት ሕጎች ዛሬም ይሠራሉ። እዚህ የተወለደ ልጃችሁ ዜግነት፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያችሁ፣ ሥራ ላይ ስትጎዱ የምታገኙት ካሳ፣ በዘራችሁ ስትበደሉ የምትከሱበት አንቀጽ ሁሉ ከዚያ ዘመን የመጣ ነው። የእነዚህ ሕጎች ጠባይ ደግሞ አንድ ነው፤ እያንዳንዱ ሲወጣ ድርድር ነበረበት፣ ድርድሩም የሆነ ሰው ውጭ ቀርቶ ነው ያለቀው። ስለዚህ ሕጉ የሰጠውን ከማየታችሁ በፊት ማንን እንዳስቀረ እዩ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ የፈተናውን ነገር እንጨርስ። ማመልከቻችሁ (ኤን-400) የገባው ከኦክቶበር 20፣ 2025 ጀምሮ ከሆነ የምትፈተኑት በአዲሱ ነው፦ ከ128 ጥያቄዎች እስከ 20 ትጠየቃላችሁ፣ 12 መመለስ አለባችሁ። ከዚያ በፊት ያስገባ ሰው በአሮጌው ይፈተናል፤ ከ100 ጥያቄ እስከ 10 ይጠየቃል፣ 6 ከመለሰ ያልፋል። ሰው የሚሳሳተው ጓደኛው የተፈተነበትን ወረቀት ተውሶ ሲያጠና ነው። የራሳችሁን የማስገቢያ ቀን ከደረሰኙ ላይ እዩ። የወደቀ ሰው ከ60 እስከ 90 ቀን ባለው ጊዜ አንድ ጊዜ ደግሞ ይፈተናል።

ለእናት አባቶቻችን ሦስት በር አለ። ዕድሜው 50 ሆኖ ግሪን ካርድ ከያዘ 20 ዓመት የሞላው፣ ወይም ዕድሜው 55 ሆኖ 15 ዓመት የሞላው ሰው፣ የእንግሊዝኛው ፈተና ቀርቶለት ታሪኩን በአማርኛ በአስተርጓሚ ይፈተናል። 65 ዓመትና 20 የግሪን ካርድ ዓመት ያላቸው ደግሞ የሚያጠኑት ኮከብ የተደረገባቸውን 20 ጥያቄዎች ብቻ ነው፤ 10 ተጠይቀው 6 ከመለሱ ይበቃል። ዕድሜው የሚቆጠረው ማመልከቻው በገባበት ቀን ነው። ሁለት ወር የቀራቸውን አባት አጣድፎ ማስገባት በገዛ እጅ እንግሊዝኛ ማስፈተን ነው።

ዓመቶቹን ለመያዝ የእኛን ታሪክ መስቀያ አድርጉት። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት (1861–1865) ሙሉ በሙሉ በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን ውስጥ ያለ ነው። 14ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ የጸደቀው በጁላይ 1868፣ መቅደላ በወደቀ በሦስት ወሩ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት «ተለያይተው ግን እኩል» ብሎ መድልኦን ሕጋዊ ያደረገው በሜይ 1896 ነው፤ አድዋ ላይ ጣሊያን በተሸነፈ ገና ሦስት ወር ሳይሞላ። ስኪነር የተባለው የአሜሪካ መልእክተኛ አዲስ አበባ መጥቶ ከምኒልክ ጋር የንግድ ውል የተፈራረመው በ1903፣ ቴዎዶር ሩዝቬልት ከታላላቅ ኩባንያዎች ጋር በሚታገልበት ሰሞን ነው። የጡረታው ሕግ፣ ሶሻል ሴኩሪቲ፣ የተፈረመው በኦገስት 1935 ነው፤ ጣሊያን በኦክቶበር ወረረን። በዚህ መንገድ የያዙት ዓመት አይጠፋም።

አሁን ወደ ነገሩ። በ1860 ቆጠራ አሜሪካ ከነበራት 31 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ 4 ሚሊዮን የሚጠጋው ባሪያ ነበር። ዲሲና አካባቢው የምትኖሩ ሰዎች ይህን ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻችሁም፤ አሌክሳንድሪያ ዱክ ስትሪት ላይ ያለው የፍሪደም ሀውስ ሙዚየም በ1830ዎቹ የአገሪቱ ትልቁ የባሪያ ንግድ ድርጅት ቤት ነበር። ዲሲ ባርነትን ያስቀረችው ከሊንከን አዋጅ ቀድማ በኤፕሪል 16፣ 1862 ሲሆን፣ በአንድ ሰው እስከ 300 ዶላር ካሳ የተከፈለው ለአሳዳሪው ነው እንጂ ለተገዛው አይደለም። ያ ቀን ዛሬ በዲሲ በዓል ነው፤ አንዳንድ ዓመት የግብር ማስገቢያው ቀን በመላ አገሪቱ ከኤፕሪል 15 ወደ 17 ወይም 18 የሚገፋው በእሱ ምክንያት ነው።

የሊንከን አዋጅ (ጃንዋሪ 1፣ 1863) ነጻ ያወጣው በአመጸኞቹ ግዛቶች ያሉትን ብቻ ነው። ከሰሜን ጋር የቆሙት ሜሪላንድ፣ ደላዌር፣ ኬንታኪና ሚዙሪ አይነኩም ነበር። ባርነትን ከአገሪቱ ያነሳው በዲሴምበር 1865 የጸደቀው 13ኛው ማሻሻያ ነው፤ እሱም «በወንጀል ቅጣት ካልሆነ በቀር» የሚል ሐረግ አለበት። የደቡብ ግዛቶች ይቺን ሐረግ ወዲያው አገኟት። ሥራ የሌለውን ጥቁር «ቦዘኔ» ብሎ መያዝ፣ መቅጣት፣ ከዚያ እስረኛውን ለማዕድንና ለእርሻ ማከራየት። አላባማ ይህን ኪራይ ያቆመችው በ1928 ነው።

ለዚህ ኮንግረስ የሰጠው መልስ ነው ለእናንተ በጣም የሚጠቅመው። የ1866ቱ የሲቪል መብት ሕግ፣ ፕሬዚዳንት ጆንሰን ሽሮት በድጋሚ ድምፅ የጸደቀው፣ ማንም ሰው «ነጮች ዜጎች በሚኖራቸው መጠን» ውል የመዋዋል መብት አለው ይላል። ዛሬ ጠበቆች «ሴክሽን 1981» ይሉታል። ሥራ ውል ነው፣ የቤት ኪራይ ውል ነው፣ ብድርም ውል ነው። ሰው ሁሉ የሚያውቀው፣ በሥራ ላይ መድልኦን የሚከለክለው የ1964ቱ ሕግ 15 ሠራተኛ የሌለው ቀጣሪ ላይ አይሠራም፤ ለኢኢኦሲም (የሥራ መድልኦን ለሚመረምረው የፌዴራል መሥሪያ ቤት) በ180 ቀን፣ እንደየግዛቱ በ300 ቀን ውስጥ ማመልከት ያስፈልጋል፤ ካሳውም ጣሪያ አለው። ሴክሽን 1981 ግን አምስት ሠራተኛ ባለው ሱቅ ላይም ይሠራል፣ ኢኢኦሲ መሄድ ግዴታ አይደለም፣ የካሳ ጣሪያ የለውም፣ ሥራ ላይ ለደረሰ በደልም በአብዛኛው 4 ዓመት ጊዜ ይሰጣል። ያለመቀጠር ክስ በግዛቱ የጊዜ ገደብ ሊታይ ስለሚችል አትዘግዩ።

የሚበላሸው ቦታ እዚህ ነው። አቤቱታ ስትጽፉ «ኢትዮጵያዊ በመሆኔ» ብቻ ብላችሁ ካቆማችሁ ጉዳዩ የትውልድ አገር ጉዳይ ይሆናል፤ ሴክሽን 1981 ደግሞ የትውልድ አገርን ብቻውን አይሸፍንም። ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1987 የዘር ሐረግንና ብሔረሰባዊ ማንነትን እንደሚሸፍን ወስኗል። ስለዚህ የተሰደባችሁት በቀለማችሁ ወይም በዘራችሁ ከሆነ እንደተባለው ቃል በቃል፣ ከነቀኑና ከነምስክሩ ጻፉት። በ2020 ውሳኔ መሠረት ዘሩ ባይሆን ኖሮ በደሉ እንደማይደርስ ማሳየትም የከሳሹ ግዴታ ነው። ተመሳሳይ ጥፋት ያጠፋ ሌላ ሰው እንዴት እንደታለፈ መመዝገብ ከመቶ ስድብ በላይ ይረዳል።

14ኛው ማሻሻያ እዚህ የተወለደ፣ «ለሥልጣኗም ተገዢ የሆነ» ሁሉ ዜጋ ነው ይላል። ሳን ፍራንሲስኮ የተወለደው ዎንግ ኪም አርክ ቻይና ደርሶ በ1895 ሲመለስ መርከብ ላይ ታገደ፤ ወላጆቹ ዜጋ መሆን የተከለከሉ ቢሆኑም በ1898 ረታ። በጊዜያዊ ቪዛ ያሉ ወይም ወረቀት የሌላቸው ወላጆች ልጆች በልደት ዜጋ እንዳይሆኑ በ2025 የወጣው የፕሬዚዳንት ትእዛዝ ያስነሳው ክርክርም የሚሽከረከረው በዚያችው «ተገዢ» በምትለው ሐረግ ላይ ነው። ቪዛ ላይ ያላችሁ ወላጆች የልጁን የልደት ሰርተፊኬት ከማዘጋጃ ቤት በርከት አድርጋችሁ አውጡ፤ ፓስፖርቱንም አታዘግዩ።

ብዙ ሰው የማያውቀው ግን የ1870ው የዜግነት ሕግ ነው። የ1790ው ሕግ ዜግነት የሚሰጠው «ነጻ ለሆነ ነጭ ሰው» ነበር። በ1870 «በአፍሪካ የተወለዱና የአፍሪካ ዝርያ ያላቸው» ተጨመሩ። እኛ ዛሬ የምንምልበት በር የተከፈተው ያኔ ነው። በዚያው ድርድር ቻይናውያን ውጭ ቀሩ፣ ቀጥሎም በ1882 የቻይና የጉልበት ሠራተኞች እንዳይገቡ ታገዱ። የእኛም በር ቢሆን የይስሙላ ነበር፤ በ1924ቱ ሕግ መሠረት በተደለደለው ኮታ ለኢትዮጵያ የተሰጠው በዓመት 100 ሰው ነው። የኮታው ሥርዓት የፈረሰው በ1965 ነው።

15ኛው ማሻሻያ (1870) በዘር ምክንያት ድምፅ መከልከልን አገደ፤ ሴቶችን ግን አላካተተም፣ እነሱ እስከ 1920 ጠበቁ። የደቡብ ግዛቶችም ዘር የሚል ቃል ሳያነሱ የምርጫ ግብርና የንባብ ፈተና አመጡ። ሉዊዚያና በ1898 አባቱ ወይም አያቱ ከ1867 በፊት መምረጥ ይችል የነበረ ሰው ከፈተናው ነጻ ይሁን አለች። ከ1867 በፊት ይመርጥ የነበረ ጥቁር አያት ከየት ይመጣል? በ1896 ከ130,000 በላይ የነበሩት የተመዘገቡ ጥቁር መራጮች በ1900 ወደ 5,320 ወረዱ።

ምርጫን ካነሳን፣ ሳትምሉ አትመዝገቡ። መንጃ ፈቃድ ስታወጡ ጸሐፊው «መራጭ ሆነህ ልመዝግብህ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ግሪን ካርድ የያዘ ሰው ያልገባውን ጥያቄ «የስ» ብሎ ከፈረመ ዜግነት ሊያስከለክለው፣ አልፎም ሊያስባርረው ይችላል። ኤን-400 ላይ ተመዝግበህ ታውቃለህ ወይ የሚል ጥያቄ አለ። ዲሲና ታኮማ ፓርክን የመሰሉ ከተሞች ዜጋ ያልሆነ ነዋሪ በአካባቢ ምርጫ እንዲሳተፍ ይፈቅዳሉ፤ በዚያ የመረጠ ሰው የፈቀደለትን ሕግ ቅጂ ይዞ ይቅረብ።

ከጦርነቱ በኋላ የመጣው ፋብሪካ የራሱን ጣጣ ይዞ መጣ። አንዱን ብቻ ጠጋ ብለን እንየው። በማርች 25፣ 1911 ኒውዮርክ ውስጥ ትራያንግል የተባለ የሸሚዝ ፋብሪካ ከ8ኛ እስከ 10ኛ ፎቅ ተቃጠለ። 146 ሰው ሞተ፤ አብዛኞቹ አይሁድና ጣሊያናዊ ስደተኛ ወጣት ሴቶች ነበሩ። 9ኛው ፎቅ ላይ አንዱ የመውጫ በር ተቆልፎ ነበር፤ የእሳት አደጋ መሰላሉም የሚደርሰው 6ኛ ፎቅ ድረስ ብቻ ነበር። የሚያስገርመው፣ የኒውዮርክ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሥራ ላይ ለተጎዳ ሰው አስገዳጅ ካሳ የሚሰጠውን ሕግ የሻረው ልክ ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ነው። ቃጠሎውን ከመንገድ ላይ ቆማ ያየችው ፍራንሲስ ፐርኪንስ በ1933 የሠራተኛ ሚኒስትር ሆነች፤ ሶሻል ሴኩሪቲና የ1938ቱ የደመወዝ ሕግ የእሷ እጅ አለባቸው።

በዚህ ምክንያት ነው ዛሬ የምትሠሩበት መጋዘን መውጫ በር ከውስጥ ያለ ቁልፍ መከፈት ያለበት። ተቆልፎ ካገኛችሁ ፎቶ አንሱና የሥራ ቦታ ደህንነትን ለሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ለኦሻ አመልክቱ፤ በስልክ ወይም በድረ ገጽ ይቻላል፣ ስማችሁም ለቀጣሪው እንዳይነገር መጠየቅ ትችላላችሁ። በዚህ ሰበብ ከተባረራችሁ ግን ክሱን በ30 ቀን ውስጥ ካላቀረባችሁ ያልፋል። ከተጎዳችሁ ደግሞ የዚያኑ ቀን ለአለቃችሁ በጽሑፍ አሳውቁ፤ ቴክስትም ጽሑፍ ነው። የሠራተኛ ካሳ ጥፋተኛው ማን ነው ብሎ አይጠይቅም፤ በልዋጩ በአብዛኛው ቀጣሪውን በፍርድ ቤት መክሰስ አይቻልም። ወገባችንን ይዘን «ይሻለኛል» እያልን ሳምንት ስንቆይ ኢንሹራንሱ «ጉዳቱ ቤት ውስጥ ነው የደረሰው» ይላል።

የ1938ቱ ሕግ በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ ለተሠራ አንድ ተኩል እጥፍ ያስከፍላል። ሲወጣ ዝቅተኛው ደመወዝ በሰዓት 25 ሳንቲም ነበር፣ የፌዴራሉ ዛሬ 7.25 ዶላር ነው፣ ከ2009 ጀምሮ አልተነካም። ያኔ ውጭ የቀሩት የእርሻና የቤት ሠራተኞች ነበሩ፣ በደቡብ በአብዛኛው ጥቁሮች፤ የደቡብ ተወካዮች ድምፅ ያለዚያ አይገኝም ነበር። የቤት ሠራተኞች የገቡት በ1974 ሲሆን፣ በዚያው ጊዜ ሽማግሌና በሽተኛ የሚጠብቁት ተለይተው ወጡ። በኤጀንሲ የሚሠሩት የሆም ኬር ሠራተኞች በፌዴራል ደረጃ የተካተቱት በ2015 ነው። በ2025 የሠራተኛ መሥሪያ ቤቱ ይህን ለመሰረዝ ሐሳብ አቅርቧል፤ ስለዚህ እህቶቻችን በፌዴራሉ ብቻ አትመኩ፣ የግዛታችሁን ሕግ አይታችሁ ያዙ።

አስተናጋጅ ለሆናችሁ፣ ቀጣሪ በሰዓት 2.13 ዶላር ሊከፍል የሚችለው ቲፑ ተደምሮ 7.25 ሲሞላ ነው፤ ካልሞላ ልዩነቱን እሱ ይሸፍናል፣ ማናጀርም ከቲፑ መካፈል አይችልም። ግዛታችሁ ከዚህ የተሻለ ካስቀመጠ የሚሠራው የግዛቱ ነው። «በወር ደመወዝ ስለምከፍልህ ኦቨርታይም የለህም» የሚል አለቃም ተሳስቷል፤ ሕጉ የሚያየው የደመወዙን መጠንና የሥራውን ጠባይ ነው። ታክሲ ወይም መኪና የሚነዱት፣ 1099 (ተቀጣሪ ላልሆነ ሠራተኛ የሚሰጠውን የግብር ወረቀት) የሚቀበሉት፣ ከዚህ ሕግ ውጭ ተደርገዋል፤ ይሁን እንጂ ወረቀቱ ብቻውን ማንንም ኮንትራክተር አያደርግም፣ ሰዓታችሁንና ዋጋችሁን የሚወስነው ሌላ ሰው ከሆነ ለጠበቃ አሳዩት። የገባችሁበትንና የወጣችሁበትን ሰዓት በየቀኑ በራሳችሁ ደብተር ጻፉ፤ ያልተከፈለ ደመወዝ የሚጠየቀው ወደኋላ 2 ዓመት፣ ቀጣሪው አውቆ ካደረገው 3 ዓመት ነው፣ ወረቀት የሌለው ሰውም ቢሆን ለሠራበት ሰዓት ይጠይቃል።