ለማጥበብ የተሰጠው የእናት ቀለበት፤ ጥያቄና መልስ ከአንድ የጎንደር አንጥረኛ ጋር

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ በአንዲት ጠባብ ክፍል ወርቅና ብር ስሠራ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል። ሰሞኑን አንዲት እህት የእናቷን ቀለበት በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ መጣች። ሌላ ቤት ሰጥታው ተበላሽቶባታል። ቋጠሮውን ስትፈታ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። የእሷን ነገር የሰሙ ሌሎችም ጥያቄ ስላበዙ፣ ማንም የፈለገውን ይጠይቀኝ፣ የማውቀውን ልንገር ብያለሁ። የወርቅ ቤት ስም አትጥሩ፤ እኔም አልጠራም።

ጥያቄ (ከማራኪ)፦ ጋሼ፣ ባለቀለበቷ እኔ ነኝ። እናቴ ካረፈች በኋላ ለእኔ የቀረኝ እሱ ብቻ ነው። ለጣቴ ስለሰፋኝ እንዲያጠብልኝ ሰጠሁት። ሲመልስልኝ ውስጡ ላይ የተቀረጸው የአባቴ ስም ግማሹ የለም። ቀለበቱ ሳስቷል፤ በአንድ በኩል ደግሞ ቀላ ያለ መስመር ወጥቶበታል። ስጠይቀው "ሥራው እንዲህ ነው፣ ያለ ነገር ነው" አለኝ። እውነቱን ነው?

እህቴ፣ ሦስቱን ነገር ለየብቻ እንየው፤ አንድ ላይ ከተነገረ እሱም አንድ ላይ ይክዳል።

ቀለበት የሚጠበበው ተቆርጦ ነው። ስፋቱ በ1 ሚሊ ሜትር እንዲቀንስ ከዙሪያው ከ3 ሚሊ ሜትር ትንሽ የበለጠ ይወጣል፤ ከዚያ ሁለቱ ጫፎች ተገጥመው ይበየዳሉ። ስለዚህ መቁረጡ ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ የት እንደቆረጠ ነው። መጋዙን ከማንሳቱ በፊት ቀለበቱን ወደ ብርሃን ይዞ ውስጡን ማየት ነበረበት። የተጻፈበትን ትቶ ባዶውን በኩል ይቆርጣል። ባዶ ቦታ ከሌለም ጠርቶሽ "ስሙ ይነካል፣ ምን ላድርግ?" ይልሻል። ይህን ማንም መምህር ለተማሪው በመጀመሪያው ወር የሚያስተምረው ነው። "ያለ ነገር ነው" ያለሽ እዚህ ላይ ትክክል አይደለም።

የቀለበቱን መቅጠን በሚዛን እንፍረደው። ዙሪያው 60 ሚሊ ሜትር የሆነ 4 ግራም ቀለበት 3 ሚሊ ሜትር ቢወጣለት የሚጎድለው 0.2 ግራም ነው። በሞረድና በማለስለስ የሚሄድ ትንሽ ነገር ጨምሪበት። 3 ግራም ሆኖ ከተመለሰ ግን የቀረውን ወርቅ እሱ ያስረዳ። የአንቺን ቀለበት እኔ ጋ ስመዝነው 3.4 ሆኗል፤ ቀድሞ ስንት እንደነበር ባለመታወቁ ግን መፍረድ አልችልም። የዓርባ ዓመት ቀለበት በራሱም ጊዜ ይሳሳል፤ እናትሽ ስታቦካም ስታጥብም አላወለቀችውም፣ አንቺው እንደነገርሽኝ።

ቀላ ያለው መስመር የብየዳው ነው። መበየጃው፣ ማለትም ቀልጦ ሁለቱን ጫፎች የሚያያይዘው ወርቅ፣ ከቀለበቱ ዝቅ ያለ ካራት ያለውና መዳብ የበዛበት ስለሆነ ቀለሙ ተለየ። ይህ ይታረማል። በቀለበቱ ካራት ልክ በተዘጋጀ መበየጃ እንደገና ቢሠራ ዓይን አያገኘውም።

የጠፋው ስም ግን በዚያው እጅ ጽሑፍ ተመልሶ አይመጣም። ሌላ ቀራጭ ያንኑ ፊደል አስመስሎ ሊጽፍልሽ ይችላል። የእኔ ምክር ግን አትቸኩዪ ነው። ግማሹ ስም እንዳለ ቢቀርስ ብለሽ አንድ ወር አስቢበት። የተቀረጸ ነገር ላይ ደግሞ ሲቀረጽ የቀረችው የድሮዋ ፊደልም ትጠፋለች።

ጥያቄ (እሷው)፦ ታዲያ ሄጄ ምን ልበለው? "አምጪው፣ በነጻ አስተካክልልሻለሁ" ብሎኛል።

እንዳትሰጪው። የሚቆጨኝ ይህ ነው፤ አብዛኛው ቀለበት የሚያልቀው በመጀመሪያው ስህተት ሳይሆን በሁለተኛው እሳት ነው። የተደናገጠ ሰው እጁ ይቸኩላል። በዚያ ላይ የሳሳ ወርቅ እሳት ሲበዛበት ፊቱ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ይጎረብጣል፤ ከዚያ በላይ ከቆየ ጫፉ ቀልጦ ይንጠባጠባል።

መጀመሪያ ውስጡንም ውጪውንም ፎቶ አንሺ። ሌላ ወርቅ ቤት አስመዝነሽ ክብደቱን በወረቀት አጽፊ። ከዚያ ጠዋት፣ ገበያ ሳይሟሟቅ፣ የሚያከብረውን አንድ ታላቅ ሰው ይዘሽ ሂጂ። ቅዳሜ አትሂጂ፤ ሱቁ በገበያተኛ ሲሞላ ማንም ሰው ጥፋቱን አያምንም። ሦስት ነገር ጠይቂ፦ የተቆረጠውን ቁራጭ ይመልስ፣ የእጅ ዋጋውን ይመልስ፣ አንቺ የመረጥሽው ሠራተኛ ብየዳውን ሲያስተካክል ወጪውን እሱ ይክፈል። ቁራጩን በምንም አትተዪው። ሩብ ግራም እንኳ ባይሞላ የእናትሽ ነው፤ ምናልባትም የጎደሉት ፊደላት እሱ ላይ ናቸው። አቅልጬዋለሁ ካለሽ በክብደቱ ልክ ወርቅ ይስጥሽ።

ጥያቄ (ከአዘዞ)፦ የእኔ ይባስ። የወሰድኩት ቀለበት የእኔ አይመስለኝም። ደረሰኝ የለኝም። እንዴት ላረጋግጥ?

ወንድሜ፣ ስም ከማንሳትህ በፊት ፈትን። ወርቅ ቤቶች ጥቁር መፈተኛ ድንጋይ ላይ ፍቀው በአሲድ ያዩታል፤ ይህ ግን ላይ ላዩን ነው። ፈርጥ የሌለው ወጥ ቀለበት ከሆነ በውሃ መፈተን ትችላለህ። በመጀመሪያ ደረቁን መዝን። ከዚያ ውሃ ያለበት ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ አስቀምጥና ቁጥሩን ወደ ዜሮ መልስ። ቀለበቱን በቀጭን ክር አንጠልጥለህ፣ የብርጭቆውን ወለልም ግድግዳም ሳይነካ ሙሉ በሙሉ አጥልቀው። ሚዛኑ የሚያሳየውን ቁጥር ለደረቁ ክብደት አካፋይ አድርገው። ለምሳሌ ደረቁ 4.65 ግራም፣ ውሃው ውስጥ የታየው 0.30 ከሆነ 15.5 ይመጣል። ባለ 18 ካራት ወርቅ ከ15 እስከ 16 ባለው ውስጥ ይወድቃል፤ ባለ 21 ከሆነ 17 አካባቢ ነው፤ ንጹሕ ወርቅ 19.3 ነው። 8 ወይም 9 ካገኘህ የያዝከው ነሐስ ወይም መዳብ ነው። መቶኛ ግራም የሚያነብ ሚዛን ያስፈልግሃል፤ የሽንኩርት ሚዛን አይሆንም።

ደረሰኝ ባይኖርህም ሠርግህ ላይ የተነሳ ፎቶ፣ ስትሰጠው አብሮህ የነበረ ሰው፣ በስልክ የተጻጻፋችሁት መልእክት ማስረጃ ነው። በእርግጥ ተለውጦ ከሆነ ነገሩ ከብልሽት አልፏል፤ በአደራ የተሰጠን ንብረት ለራስ ማድረግ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ቁጥር 675 እምነት ማጉደል ይባላል፤ ጉዳዩም የፖሊስ ነው። ሳታረጋግጥ ግን ሰውን ሌባ አትበል። በእኛ ሙያ አንዴ የወጣ ስም አይመለስም።

ጥያቄ (ከቀበሌ 18)፦ ባለቤቴ የሰጠኝ የወሎ ኦፓል ያለበት የብር ቀለበት ነበር። ፈርጡን የሚይዘው ጥርስ ተሰብሮ ለብየዳ ሰጠሁት፤ ፈርጡ ተሰነጣጥቆ ነጭ ሆነ። "ድንጋዩ ከመጀመሪያውም ደካማ ነው" አለኝ።

ድንጋዩ ደካማ መሆኑ እውነት ነው። ለዚህም ነው ጥፋቱ የእሱ የሚሆነው። ደላንታ፣ ወገል ጤና አካባቢ በ2000 ዓ.ም. የተገኘው ኦፓል በውስጡ ውሃ የያዘ ነው። ውሃም ይጠጣል፤ ብትነክሪው መልኩ ጠፍቶ እንደ መስታወት ይጠራል፣ ቀናት ፈጅቶ ሲደርቅ ኅብሩ ይመለሳል። እንዲህ ያለው ድንጋይ ላይ እሳት ሲለቀቅበት ውሃው በድንገት ስለሚወጣ ይሰነጠቃል። የብር ብየዳ እሳት ከ600 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ነው። ሥርዓቱ ፈርጡን አውልቆ፣ ጥርሱን በይዶ፣ ቀዝቅዞ ካለቀ በኋላ መልሶ መግጠም ነው። ሳያወልቅ እሳት ከለቀቀበት የፈርጡን ዋጋ ይክፈልሽ።

አንድ ነገር ግን አረጋግጪ፤ ነጭ የሆነው በስንጥቅ ነው ወይስ ዘይትና ሳሙና ጠጥቶ ነው? በባትሪ ብርሃን ከጎን እዪው። እንደ ሸረሪት ድር ያሉ መስመሮች ካሉት ስንጥቅ ነው፤ አይድንም። ከሌሉት በንጹሕ ውሃ ዘፍዝፈሽ ቀስ ብሎ ይድረቅ፤ ፀሐይ ላይ አታስጪው።

ጥያቄ (ከአራዳ)፦ ብከሰው ለደረሰብኝ ሐዘን ካሳ አገኛለሁ?

ጠበቃ አይደለሁም፤ ነገር ግን ደንበኞቼ ፍርድ ቤት ሲመላለሱ አይቻለሁ። ለጠፋው ወርቅ፣ ለተሰበረው ፈርጥ፣ ለጥገናው ወጪ መጠየቅ ትችላለህ። ለሐዘኑ ግን ሕጉ እጁ አጭር ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2116 የሕሊና ጉዳት ካሳ ከ1000 ብር እንዳይበልጥ ወስኗል። ያን ጊዜ 1000 ብር ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ የባጃጅ ምልልስህን ይሸፍን ይሆናል። ስለዚህ በቅድሚያ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ስጠው፣ ቀን ቁረጥለት። ካልሆነ ለከተማው ንግድ ቢሮ አመልክት። እኔ ግን ብዙ ጊዜ ሲሠራ ያየሁት ሽምግልና ነው፤ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ራሱ ወርቅ የሚያውቅ ሰው ይሁን። የሙያውን ነገር በሙያው ቋንቋ የሚጠይቀው ሲኖር "ያለ ነገር ነው" ማለት ያቆማል።

ጥያቄ፦ ቀለበቴን ሳላወልቅ በበረኪና አጥባለሁ፤ ፈርጡ ወደቀ። ወርቅ ሰሪውን ልጠይቀው?

አይ እህቴ፣ ይህ የእሱ አይደለም። በረኪና ወርቁ ውስጥ የተቀላቀለውን መዳብና ብር ይበላል፤ ቀጫጭኖቹ የፈርጥ ጥርሶች ቀድመው ይሰነጠቃሉ። አውልቂው።

ጥያቄ (አንዲት እናት፣ በልጃቸው ስልክ)፦ ልጄ፣ የእናቴ እናት ቀለበት ነው፤ ከማርትሬዛ ብር የተሠራ። ጥቁር ነበር። "ላጽዳልዎት" ብሎ ወስዶ ነጭ አድርጎ መለሰው። የእኔ አልመስል አለኝ። ያ ጥቁሩ የእሷ ነበር።

እማማ፣ አንቱ ያሉት ይገባኛል። ማርትሬዛው የድሮ የብር ገንዘብ ነው፤ 28 ግራም የሚሆን፣ ከሺህ 833 እጁ ብር የሆነ፣ የቀረው መዳብ ነው። የድሮ አንጥረኞቻችን እሱን እያቀለጡ ነው መስቀሉንም ድሪውንም ቀለበቱንም የሠሩት። ብር ከጊዜ ብዛት ከአየርና ከላብ ይጠቁራል። ጥቁሩ በጌጡ ጎድጓዳ ውስጥ ተኝቶ ነው ሐረጉ ጎልቶ የሚታየው። ልጁ በክፋት አይመስለኝም፤ ነጭ ማድረግ ማክበር መስሎት ነው። ቢሆንም ሳይጠይቅ መንካት አልነበረበትም።

አሁን አንድ ነገር ያድርጉልኝ። ዓይንዎን ጨፍነው ሐረጉን በጥፍርዎ ይዳብሱት። ጥፍርዎ ከያዘ ጌጡ አለ፤ ያጠፉት ጥቁሩን ብቻ ነው፣ ጣትዎ ላይ ሲውል ሲያድር ይመለሳል። የተቀቀለ እንቁላል አስኳል ፈርፍረው አብረው በላስቲክ ዘግተው ቢያሳድሩት ደግሞ ቶሎ ይጠቁራል፤ ከላይ ከላዩን በጨርቅ ይወልውሉትና ጎድጓዳው ጥቁር ይቅር። ጥፍርዎ ከተንሸራተተ ግን በሞረድ ወይም በማሽን ተልጓል። እንደዚያ ከሆነ ወደ እኔ ይላኩት፤ ሳልነካው አየዋለሁ።

ጥያቄ (አንድ ወጣት ወርቅ ሰሪ)፦ ጋሼ፣ እኔ አበላሽቻለሁ። የአንዲት ሴት የቃል ኪዳን ቀለበት ነው፤ ሳሰፋው ቀኑ የተጻፈበት ቀለጠብኝ። ገና አላየችውም። አስመስዬ ብቀርጸውና ብሰጣትስ? አታውቅም።

ታውቃለች። ሰላሳ ዓመት በጣቷ ላይ ያደረ ነገር ነው። አንተ ቁጥሩን ታያለህ፤ እሷ ግን ባሏ ሲያደርግላት የነበረውን ቀለበት ነው የምታውቀው።

ይህን የምልህ አድርጌው ስለማውቅ ነው። ሥራ በጀመርኩ በአራተኛው ዓመት የአንዲት መበለት ቀለበት ላይ እሳት አብዝቼ የባለቤቷን ስም አጠፋሁ። ጥምቀት ሊደርስ ሦስት ቀን ነበር፤ ከተማው በእንግዳ ተጨናንቋል፣ ሥራ ተከምሮብኛል። ሌሊቱን ስሙን መልሼ ቀረጽኩና ሰጠኋት። ተቀበለችኝ፣ ከፈለችኝ፣ ወጣች። በሩ ላይ ቆማ ወደ ፀሐዩ አዞረችው። ተመልሳ ምንም ሳትናገር ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችውና ሄደች። ልመልስላት ቤቷ ድረስ ሁለት ጊዜ ሄድኩ። በሁለተኛው ነው የተቀበለችኝ፤ ያኔም "ብትነግረኝ ኖሮ እንዳጠፋኸው እይዘው ነበር" አለችኝ።

ስለዚህ ዛሬውኑ ደውልላት። እሳት አታስነካው፣ መጥረጊያም አታስነካው። ስትመጣ ቀለበቱን በነጭ ወረቀት ላይ አድርገህ ከነብልሽቱ አሳያት፤ ብናኙንም ጠርገህ ጠቅልለህ አጠገቡ አስቀምጥ። የእጅ ዋጋ አትቀበል። ልቅረጸው ወይስ ይቅር የሚለውን እሷ ትወስን። ከተቆጣች ትቆጣ፤ ቁጭ ብለህ ስማት። ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ ቀለበት ስትቀበል ባለቤቱ ፊት መዝን፣ ውስጡን አንብብ፣ የተጻፈውን ጮክ ብለህ በልላቸው፤ ክብደቱንና ጽሑፉን በሁለት ወረቀት ጽፈህ አንዱን ስጣቸው። እኔ ከዚያች ሴት በኋላ አንድም ቀን ሳልጽፍ ተቀብዬ አላውቅም።