በፖለቲካ አስተያየት ከሥራ መባረር፦ አሜሪካ ለምትሠሩ ጥያቄና መልስ

ስትጠይቁ ሁለት ነገር አትርሱ፦ የምትሠሩበት ስቴት የት እንደሆነና አሰሪያችሁ መንግሥት ይሁን የግል ድርጅት። መልሱ በአብዛኛው የሚወሰነው በእነዚህ ሁለቱ ነው።

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ፣ የግል ሆቴል ነው የምሠራው። ስለ አገር ቤት ጦርነት ፌስቡክ ላይ የጻፍኩትን አለቃዬ አይቶ በማግስቱ አሰናበተኝ። አሜሪካ የመናገር ነጻነት ያለበት አገር አይደለም እንዴ?

መልስ፦ ነጻነቱ አለ፤ የሚገድበው ግን መንግሥትን ነው። የመናገር ነጻነትን የሚጠብቀው የሕገ መንግሥቱ ማሻሻያ (ፈርስት አመንድመንት) ፖሊስ በጽሑፍዎ እንዳያስርዎ፣ ከተማው እንዳይቀጣዎ ይከለክላል። የሆቴሉን ባለቤት አይመለከተውም። ከሞንታና በስተቀር በሁሉም ስቴት መነሻው «አት-ዊል» የሚሉት ነው፦ ውል ወይም ልዩ ሕግ ካልከለከለው አሰሪው በፈለገ ጊዜ ያሰናብታል። ቨርጂኒያ ውስጥ የግል ሠራተኛን የፖለቲካ አስተያየት በጥቅሉ የሚጠብቅ ሕግ የለም። ስለዚህ «የመናገር ነጻነቴ ተነካ» ብለው ለክስ ገንዘብ አያውጡ።

የሥራ አጥ ክፍያ ግን ዛሬውኑ ያመልክቱ። ብዙ ሰው «ተባርሬያለሁና አይሰጡኝም» ብሎ ይተወዋል፤ ስህተት ነው። ክፍያውን የሚያስከለክለው ከሥራው ጋር የተያያዘ ጥፋት ነው፤ ያንን የማስረዳት ሸክምም የአሰሪው ነው። ቢከለከሉም ይግባኝ ይበሉ፤ የጊዜ ገደቡ አጭር ስለሆነ ደብዳቤው ላይ ያለውን ቀን ይመልከቱ።

ጥያቄ፦ ታዲያ የተሻለ ስቴት አለ? እኔ ያለሁት ዴንቨር ነው።

መልስ፦ አለ፣ እርስዎም እዚያው ነዎት። ኮሎራዶ ከሥራ ሰዓትና ከሥራ ቦታ ውጭ በሚደረግ ሕጋዊ ተግባር ማባረርን ትከለክላለች፤ አሰሪው ግን «ከሥራው ባሕርይ ጋር ይጋጫል» ብሎ መከራከር ይችላል። ከሁሉ ጠንካራው የኮኔቲከት ነው፤ የሕገ መንግሥቱን ጥበቃ ለግል ሠራተኛም ሰጥቷል፣ ንግግሩ ሥራውን ወይም የሥራ ግንኙነቱን በእጅጉ እስካላወከ ድረስ። ካሊፎርኒያ አሰሪ የሠራተኛውን የፖለቲካ እንቅስቃሴ እንዳይቆጣጠር ትከለክላለች። ሲያትል ከተማ «የፖለቲካ ርዕዮተ ዓለም»ን ከዘርና ከሃይማኖት ጋር አብራ ትጠብቃለች።

ኒውዮርክና ዋሽንግተን ዲሲ ግን ከስማቸው በታች ናቸው። የኒውዮርኩ ሕግ የሚሸፍነው ለምርጫ መወዳደርን፣ ለዕጩ መቀስቀስንና ገንዘብ ማሰባሰብን ነው፤ ያውም ከሥራ ሰዓት ውጭና ያለ አሰሪው ዕቃ። የዲሲው ደግሞ የፓርቲ አባልነትንና ደጋፊነትን እንጂ ማንኛውንም አስተያየት አይደለም። ስለ ጦርነት የተጻፈ አንድ ፖስት ከሁለቱም ሊያመልጥ ይችላል።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ በካውንቲ ትምህርት ቤት ረዳት መምህርት ነኝ። በቲክቶክ ፕሬዚዳንቱን በመተቸቴ ለምርመራ ጠሩኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ አሰሪሽ መንግሥት ስለሆነ የአንቺ ጉዳይ ሌላ ነው። ፍርድ ቤት የሚያያቸው ነገሮች በዚህ ቅደም ተከተል ይመጣሉ።

መጀመሪያ፣ የተናገርሽው እንደ ዜጋ ነው ወይስ እንደ ሥራሽ አካል? እ.ኤ.አ. በ2006 በጠቅላይ ፍርድ ቤት የተወሰነው የጋርሴቲ ጉዳይ እንደሚለው በሥራ ግዴታ የተነገረ ወይም የተጻፈ ነገር በፈርስት አመንድመንት አይጠበቅም። ቤትሽ ሆነሽ በራስሽ ስልክ ከሆነ እዚህ ላይ ታልፊያለሽ። ቀጥሎ፣ ጉዳዩ ሕዝብን የሚመለከት ነው? ፕሬዚዳንትን መተቸት ያለ ጥርጥር ነው። የቢሮ ቅሬታ ግን አይደለም፤ በ1983 በኮኒክ ጉዳይ አንዲት ዐቃቤ ሕግ የተሸነፈችው በዋናነት በዚህ ነው።

ከዚያ ሚዛኑ ይመጣል፤ አብዛኛው ክስ የሚወድቀውም እዚህ ነው። የአንቺ የመናገር መብት በአንድ ወገን፣ የትምህርት ቤቱ ሥራ መታወክ በሌላ ወገን ይመዘናል። በ1968 የኢሊኖይ መምህር ፒከሪንግ የትምህርት ቦርዱን የገንዘብ አያያዝ በጋዜጣ ተችቶ ተባረረና በጠቅላይ ፍርድ ቤት ረታ። በ1987 በራንኪን ጉዳይ ያሸነፈችው ሠራተኛ ያለችው ከዚያ የከረረ ነበር፤ ፕሬዚዳንት ሬገን በተተኮሰበት ቀን «ዳግም ከሞከሩ እንዲያገኙት ተስፋ አደርጋለሁ» ብላ ነበር። የረዳት የጽሕፈት ሥራዋ ከሕዝብ ጋር ስለማያገናኛትና ንግግሩም ከባልደረባዋ ጋር በግል የተደረገ ስለነበር 5 ለ 4 ተፈረደላት። ልብ በይ፣ አንቺ ከተማሪና ከወላጅ ጋር ነው የምትውዪው፣ ቲክቶክም አደባባይ ነው። የትምህርት ቤቱ ስም ወይም ባጅ ቪዲዮው ላይ ከታየ፣ ወላጆችም ቅሬታ ካስገቡ ሚዛኑ ወደ እነርሱ ያዘነብላል።

ዩኒየን ካለሽ ወደ ምርመራው ብቻሽን አትግቢ፤ ተወካይ ጠይቂ። ቅሬታ የማስገቢያው ቀን በኅብረት ስምምነቱ ውስጥ አለ፣ ብዙ ጊዜ የሚቆጠረው በቀናት ነው። የዩኒየን ስምምነት «በቂ ምክንያት» ከጠየቀ፣ ከሕገ መንግሥት ክስ ይልቅ ፈጣኑና ርካሹ መንገድ እሱ ነው።

ጥያቄ፦ አሰሪዬ ሐበሻ ነው። «የእናንተ ብሔር ሰው አልፈልግም» ብሎ ነው ያባረረኝ፤ ሰበቡ ግን ፖስቴ ነው።

መልስ፦ ይህ ከላይ ካሉት ሁሉ የተሻለ ጉዳይ ሊሆን ይችላል። በፖለቲካ ሳይሆን በብሔር ምክንያት ከሆነ፣ የፌዴራል ሕግ ይከለክላል። አሰሪው 15 ወይም ከዚያ በላይ ሠራተኛ ካለው የሥራ መድልዎን ለሚመረምረው የፌዴራል መሥሪያ ቤት (ኢኢኦሲ) ያመልክቱ፤ ገደቡ 180 ቀን ነው፣ የአካባቢው መንግሥት ተመሳሳይ ሕግና መሥሪያ ቤት ባለበት 300 ቀን ይሆናል። ድርጅቱ ትንሽ ከሆነ ሴክሽን 1981 የሚባለው ሕግ የሠራተኛ ቁጥር አይጠይቅም፤ በዘር ሐረግ የሚደረግ መድልዎን እንደሚያካትትም እ.ኤ.አ. በ1987 ተወስኗል። የአሰሪውን ቃል፣ ቀኑንና የሰሙ ሰዎችን አሁኑኑ ይጻፉ። ተመሳሳይ ነገር የጻፈ የሌላ ብሔር ሠራተኛ ሳይነካ ከቀረ ትልቅ ማስረጃ ነው።

ጥያቄ፦ ፖስቱን ላጥፋው?

መልስ፦ የመክሰስ ሐሳብ ካለዎት አያጥፉ፤ ማስረጃ እንደማጥፋት ሊቆጠርብዎ ይችላል። ከሕዝብ ዕይታ መደበቅ ሌላ ነገር ነው። መጀመሪያ ቀንና ሰዓቱ እንዲታይ ስክሪንሾት ያንሱ፣ የድርጅቱን የሶሻል ሚዲያ ደንብና የስንብት ደብዳቤውን ያስቀምጡ። የስንብት ገንዘብ ሰጥተው «ፈርም» ቢሉዎት በዚያው ቀን አይፈርሙ፤ ወረቀቱ አብዛኛውን ጊዜ የመክሰስ መብትን ያስቀራል። ዕድሜዎ 40 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነና ወረቀቱ የዕድሜ መድልዎ ክስንም የሚያስቀር ከሆነ፣ ቢያንስ 21 ቀን ሊሰጥዎ ይገባል፣ ከፈረሙም በኋላ 7 ቀን መሻሪያ አለ።

ጥያቄ፦ ኤች 1 ቢ በሚባለው የሥራ ቪዛ ላይ ነኝ፤ ብባረር ምን ይሆናል?

መልስ፦ ሥራው ካበቃበት ቀን ጀምሮ እስከ 60 ቀን አለዎት፤ አይ-94 በሚባለው የመግቢያ መዝገብዎ ላይ ያለው የመቆያ ቀን ቀድሞ ካለቀ ግን እስከዚያ ብቻ። መጀመሪያ የኢሚግሬሽን ጠበቃ፣ ከዚያ የሥራ ጠበቃ።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ያለው ወንድሜስ? የግል ድርጅት ነው የሚሠራው።

መልስ፦ በወረቀት ላይ ከእርስዎ የተሻለ ጥበቃ አለው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የፖለቲካ አመለካከትን ውል ለማቋረጥ ሕጋዊ ምክንያት አያደርገውም። ወደ ሥራ ለመመለስ ክሱን በሦስት ወር ውስጥ ማቅረብ አለበት። የሥራ መሪ ከሆነ ግን አዋጁ አይሸፍነውም፣ ስለዚህ መጀመሪያ የቅጥር ውሉ ላይ የሥራ መደቡን ያረጋግጥ።